የፍርድ ቤት እግድ የሚዘጋው የማንን አፍ ነው?

ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ፊልም ለሕዝብ አሳየ። በፊልሙ ላይ ፊታቸው የታየው ወንድሞቻችን በዚያ ሰዓት እስር ቤት ነበሩ። ክሳቸው ገና በመታየት ላይ ነበር፤ ጥፋተኛ ናቸው ያለ ዳኛ አልነበረም። ቢያንስ አምስቱ ተከሳሾች በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጹት ምስል ከተራኪ ድምፅ ጋር ተቀናብሮ፣ በሰላም ድምፁን ሲያሰማ የቆየው ሕዝበ ሙስሊም ከታጠቁ አክራሪ ቡድኖች ጋር አንድ ተደርጎ ቀረበ።

ስለዚያ ምሽት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ፊልሙን ነው። ማን ምን እንዳለ፣ ምስሉ እንዴት እንደተቆራረጠ፣ በማግስቱ ሥራ ቦታ ላይ ክርስቲያን ባልደረቦቻችን እንዴት እንዳዩን እናስታውሳለን። ከፊልሙ በፊት የሆነውን ግን ብዙ ሰው ረስቶታል። የተከሳሾቹ ጠበቆች ፊልሙ ሊተላለፍ መሆኑን ሲሰሙ ለፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመልክተው ነበር። ፍርድ ቤቱም አቤቱታቸውን ተቀብሎ ፊልሙ እንዳይተላለፍ የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። ማለትም በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ሕጉ አንድ ጊዜ ለተከሳሾቹ ቆሞ ነበር። ቴሌቪዥን ጣቢያው ግን ትእዛዙን ወደ ጎን ብሎ ፊልሙን አስተላለፈ።

ይህን አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በእንግሊዝኛው «ጋግ ኦርደር» የሚሉት፣ ፍርድ ቤት «ስለዚህ ጉዳይ አትናገሩ፣ አትጻፉ፣ አታሳዩ» ብሎ የሚሰጠው ትእዛዝ በየአገሩ መነጋገሪያ ሆኗል። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሰማ ቁጥር ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ተረገጠ ይላል። ሌላው ደግሞ ፍርድ ቤት ካለ አለ፣ አፋችንን እንዝጋ ባይ ነው። የእኛ የራሳችን ታሪክ ለሁለቱም አይመችም። እግድ ሲጣስ ተጎድተናል፤ ችሎት ሲዘጋም ተጎድተናል። ሁለቱም የደረሱብን ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ነው።

በዚያን ጊዜ ልጅ ለነበሩ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። በ2004 ዓ.ም. አወሊያ ትምህርት ቤት የተጀመረው እንቅስቃሴ የሚታወቁ ጥያቄዎች ነበሩት፤ መጅሊሱ በሕዝበ ሙስሊሙ ምርጫ ይቋቋም፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግዴታ አይጫንብን፣ አወሊያ ከመጅሊሱ እጅ ወጥቶ ለሕዝቡ ይመለስ የሚሉ። ጥያቄውን ለመንግሥት እንዲያቀርብ 17 አባላት ያሉት ኮሚቴ ተመረጠ። በሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላትና ሌሎችም ታሰሩ፤ የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸውም ከታሳሪዎቹ አንዱ ነበር። ጥቅምት 2005 ላይ 29 ተከሳሾች በፀረ ሽብር አዋጁ በቁጥር 652/2001 ክስ ተመሠረተባቸው።

ከዚያ ጥር መጣ። በጥር 2005 ችሎቱ ለሕዝብ ዝግ ሆነ። ጋዜጠኛ አይገባም፣ ዲፕሎማት አይገባም፣ የተከሳሽ እናትና ሚስትም አይገቡም። የተሰጠው ምክንያት የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ደህንነት ነበር። በዚያው ወር የዚያው መጽሔት ባልደረባ ሰለሞን ከበደም ታሰረ። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ፊልሙ ወጣ። እስቲ ነገሩን ጎን ለጎን አድርገን እንመልከተው። ተከሳሾቹ ምስክሮቹን ሲጠይቁ፣ ጠበቆች ሲከራከሩ፣ አንዱ ምስክር ከሌላው ጋር ሲጋጭ የሚሰማ ሰው የለም፤ በሩ ተዘግቷል። ዐቃቤ ሕግ የሚለው ነገር ግን በብሔራዊ ቴሌቪዥን፣ በአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ይሰማል። ዝጉ የተባለው በር ተዘጋ፤ አታሳዩ የተባለው ፊልም ታየ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐሊን (ረ.ዐ.) ቃዲ አድርገው ወደ የመን ሲልኳቸው ሁለተኛውን ወገን ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ እንደመከሯቸው በሐዲስ ኪታቦች እናነባለን። ምክሩ ለቃዲ ነው። ለተመልካች ግን ማን ይምከረው? ዳኛው ሁለቱንም ወገን እየሰማ፣ ሚሊዮኖች አንዱን ብቻ ሰምተው ፈርደው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ሕጉ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 1 የተከሰሰ ሰው ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመሰማት መብት አለው ይላል። ችሎት ሊዘጋ የሚችለው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደህንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው። ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ በሕግ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲደነግግ ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፤ ገደብ ሲጣልም በተነገረው ሐሳብ ይዘት ምክንያት መሆን እንደሌለበት አስቀምጦ፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ግን ሕጋዊ ገደብ ይፈቅዳል። እነዚህ አንቀጾች አብረው ሲነበቡ ግልጽ የሆነ ሐሳብ ይወጣቸዋል፤ ችሎቱ ክፍት ይሁን፣ ተከሳሹ ከመፈረዱ በፊት በአደባባይ አይፈረድበት። በጥር 2005 የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው።

ታሪኩን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው ከዘጠኝ ወር በፊት የተፈጸመ ሌላ ነገር ነው። በሚያዝያ 2004 የፍትሕ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ተመስገን ደሳለኝ የእነ እስክንድር ነጋን ችሎት በዘገበበት መንገድ «ችሎት ደፍረሃል» ተብሎ ጥፋተኛ ሆነ። ጋዜጣው ያተመው ተከሳሾቹ ፍርድ ቤት ፊት የተናገሩትን ቃል ነበር። ቅጣቱ አራት ወር እስር ወይም 2 ሺህ ብር ሆነ። ልብ በሉ፤ ጋዜጣው ያወጣው በችሎት የተነገረውን ነው፤ ተቀጣ። ቴሌቪዥን ጣቢያው ያሳየው ፍርድ ቤት አይታይ ያለውን ነው፤ እንደ ጋዜጣው ችሎት ቆሞ ሲቀጣ ግን አላየንም። በወረቀት ላይ ችሎት መድፈር የሚባለው ወንጀል አንድ ነው። በተግባር ግን ለደካማው አንድ ዋጋ፣ ለጉልበተኛው ሌላ ዋጋ ነበረው።

ስለዚህ እግድ ስንሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «መናገር ተከለከለ ወይ?» የሚለውን አይመስለኝም። የተከለከለው ማን ነው? የተጠበቀውስ ማን ነው? እግዱ በእስር ላይ ያለን፣ መልስ መስጠት የማይችልን ሰው ከመንግሥት ካሜራ የሚጠብቅ ከሆነ የፍትሕ አንድ አካል ነው። ሹምን ወይም ባለሀብትን ከጥያቄ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

ይህን ለማየት ከአገራችን ወጣ ብለን የእንግሊዟን ሊድስ ከተማ እንመልከት። ጉዳዩ ሙስሊሞችን ስለሚነካ በዚያን ጊዜ ብዙ ተወርቶበታል፤ ብዙ ሰው ግን ውስጡን አልተረዳውም።

እ.ኤ.አ. በ2018 በሊድስ ፍርድ ቤት ብዙ ተከሳሾች ያሉበት ከባድ ጉዳይ ይታይ ነበር። ክሱ በሐደርስፊልድ ከተማ ልጃገረዶችን አባብሎ መድፈርን የሚመለከት ነው። አብዛኞቹ ተከሳሾች ከደቡብ እስያ ቤተሰብ የተወለዱ ስለነበሩ ፀረ ሙስሊም ቡድኖች ጉዳዩን እንደ ራሳቸው አጀንዳ ያዙት። ተከሳሾቹ ብዙ ስለሆኑ ችሎቱ በተለያዩ ዙሮች ተከፍሎ ነበር። የአንዱ ዙር ዘገባ የሌላውን ዙር ፈራጅ ዜጎች፣ ማለትም ጁሪውን፣ እንዳያዛባ ዳኛው ሁሉም ዙር እስኪያልቅ ድረስ ምንም እንዳይዘገብ አዘዘ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2018 ቶሚ ሮቢንሰን በሚል ስም የሚታወቀው ፀረ ሙስሊም ቀስቃሽ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ከአንድ ሰዓት በላይ በፌስቡክ ቀጥታ አሰራጨ፤ ወደ ችሎት የሚገቡትን ተከሳሾች እየተከተለ ቀረጸ። በዚያው ቀን ተይዞ ችሎት በመድፈር 13 ወር ተፈረደበት።

ደጋፊዎቹ ለንደን ላይ አደባባይ ወጡ። መፈክራቸው ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ነበር። አንዳንድ ሙስሊም ወንድሞችም በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «የእጁን አገኘ» ብለው ተደሰቱ። ሁለቱም ነገሩን አልጨበጡትም። እግዱ ለተከሳሾቹ ብቻ የተሰጠ ጥበቃ አልነበረም። ችሎቱ በዘገባ ምክንያት ተበላሽቶ ቢሰረዝ ኖሮ የተደፈሩት ልጆች ያንን ሁሉ መከራ እንደገና ቆመው እንዲናገሩ ይገደዱ ነበር። ወንጀለኞቹም ሊያመልጡ ይችሉ ነበር። ለተጎጂዎቹ ቆሜያለሁ የሚለው ሰው የተጎጂዎቹን ፍትሕ አደጋ ላይ ጥሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ዳኛው የሮቢንሰን መታሰር ራሱ እንዳይዘገብ ሌላ እግድ ጥሎ ነበር። ጋዜጦች ተከራከሩ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህ ሁለተኛው እግድ ተነሣ። በነሐሴ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛው ተጣድፏል፣ ሥርዓቱን በትክክል አልተከተለም ብሎ ሮቢንሰንን ፈታው፤ ጉዳዩ እንደ አዲስ ታይቶ በ2019 እንደገና ጥፋተኛ ተባለና ዘጠኝ ወር ተፈረደበት። የሐደርስፊልዱ ችሎት ደግሞ በጥቅምት 2018 ዙሮቹ ሲያልቁ እግዱ ተነሥቶ 20 ሰዎች መፈረዳቸው ከነስማቸውና ከነድርጊታቸው በዝርዝር ተዘገበ። የተደበቀ ነገር አልቀረም። እግዱ ምክንያት ነበረው፣ የሚያበቃበት ጊዜ ነበረው፣ የሚከራከርበት መድረክ ነበረው፤ የጣሰውም ተጠየቀ፤ የተጠየቀበት መንገድ ሲበላሽም ታረመ።

የሊድሱን ከልደታ ጋር ሳነጻጽር እንግሊዝን ለማመስገን አይደለም። በዚያችው አገር ሀብታም እግድን እንዴት እንደሚገዛ ለማወቅ የትራፊጉራን ጉዳይ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይህ የነዳጅ ንግድ ድርጅት በተከራየው መርከብ የመጣ መርዛማ ቆሻሻ በኮትዲቯር አቢጃን ከተማ በየቦታው ተጣለ። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ከአሥር በላይ ሰዎች መሞታቸውን ተናገሩ፤ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሕክምና ፈለገ። በ2009 ድርጅቱ ስለ ቆሻሻው የተዘጋጀ የውስጥ ሪፖርት በጋዜጣ እንዳይወጣ ከለንደን ፍርድ ቤት እግድ አወጣ። እግዱ «ሱፐር» የሚባለው ዓይነት ነበር፤ እግድ መኖሩን መናገርም የተከለከለ ነው። ጋርዲያን ጋዜጣ በፓርላማ የተነሣን ጥያቄ እንኳ መዘገብ እንዳይችል ተደረገ። ጋዜጣው «አንድ ጥያቄ አለ፣ ልንነግራችሁ ግን አንችልም» የሚል ይዘት ያለው ዜና አወጣ፤ በትዊተር ላይ ሰዎች ፈልገው አገኙት፤ በማግስቱ የድርጅቱ ጠበቆች ለቀቁ። እዚህ ላይ እግዱ የጠበቀው የታሰረ ሰው የለም። የጠበቀው የድርጅት ስም ነው፤ የተጎዱት የአቢጃን ነዋሪዎች ደግሞ ለንደን ያለ ዳኛ ስለ እነሱ የሚነገረውን እንደዘጋው እንኳ አያውቁም ነበር።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርብ የሆነው ግን የአቬራ መንግሥቱ ጉዳይ ነው። አቬራ ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የሄደ፣ አሽቀሎን ከተማ የሚኖር፣ የአእምሮ ጤና ችግር የነበረበት ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2014 የጋዛን አጥር ተሻግሮ ገባ፤ በሐማስ እጅ ወደቀ። ለአሥር ወራት ያህል በእስራኤል ሚዲያ ስሙ አልተነሣም፤ የሕትመት እገዳ ተጥሎ ነበር። እገዳው የተነሣው ሐምሌ 9 ቀን 2015 ነው። በዚያው ጊዜ ሌላ አረብ ዜጋም በጋዛ እንደሚገኝ ተነገረ። እሱም በነገቭ በረሃ ከምትገኘው ሑራ የመጣው፣ በተመሳሳይ ሕመም የሚሠቃየው ሙስሊሙ በደዊን ሂሻም አል ሰይድ ነው።

የመንግሥቱ ምክንያት ድርድርን ላለማበላሸት የሚል ነበር። ይህን ዓይነት ምክንያት ሙሉ በሙሉ የምጥል ሰው አይደለሁም፤ በጠላት እጅ ያለ ሰው ዋጋው በጩኸት ሊወደድ ይችላል። ነገር ግን ከሌላው ጋር እናስተያየው። ወታደሩ ጊልዓድ ሻሊት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያዝ አገር ሁሉ ስሙን ያውቅ ነበር፤ ቤተሰቡ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ፤ በ2011 በ1,027 እስረኞች ተለወጠ። የአቬራ ቤተሰብ ግን ዝም በሉ ተባለ። እገዳው ከተነሣ በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ተወካይ ቤተሰቡ መንግሥትን እንዳይወቅስ፣ ከወቀሰም ልጁ ጋዛ ውስጥ እንደሚቆይ ሲያስጠነቅቅ የተቀዳ ድምፅ በቴሌቪዥን ተሰማ። ሰውየው በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። የቤተ እስራኤል ወጣቶች «ነጭ ቢሆን ኖሮ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። የሂሻም ቤተሰብ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ድምፅ ጠበቀ፤ የበደዊን ልጅ ስም አደባባይ ላይ የሚጮህለት ሰው ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሐማስ ሁለት የታመሙ ሲቪሎችን ለአሥር ዓመት ገደማ መያዙ ስሕተት ነው፤ ለፍልስጥኤም ሕዝብ ያለን ፍቅር ይህን ከመናገር አይከለክለንም። ሁለቱ የተለቀቁት የካቲት 22 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን ነው። ለእኛ ጥያቄ ግን ዋናው የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ናቸው። እገዳው አቬራን ጠብቆት ይሆን? ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንደቆየ እናውቃለን። መንግሥትን ግን ለአሥር ወራት ከአሽቀሎን ጥያቄ ጠብቆታል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከ2005 ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ከኮሚቴው ጋር የተከሰሱት 18 ሰዎች በ2007 ክረምት ከ7 እስከ 22 ዓመት ቢፈረድባቸውም፣ የመጨረሻዎቹ እስከ የካቲት 2010 ድረስ ከእስር ወጥተዋል፣ አልሐምዱሊላህ። የፀረ ሽብር አዋጁ በቁጥር 1176/2012 ተተክቷል፤ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም በ2013 በቁጥር 1238 አዲስ ወጥቷል። ልማዱ ግን እንደ አዋጅ በአንድ ቀን አይሻርም። ለአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስልክ ደውላችሁ ስለ ታሰረ ሰው ጠይቁ፤ «ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ ስለሆነ አስተያየት መስጠት አንችልም» ይላችኋል። ማታ ቴሌቪዥን ስትከፍቱ ያው የተያዘ ጉዳይ «ተጠርጣሪዎቹ ሲያምኑ» በሚል ምስል ይቀርባል። ጋዜጠኛ ሲጠይቅ የሚዘጋው ጉዳይ ፖሊስ ሲተርከው ክፍት ነው።

የዝግ ችሎት ነገርም አላበቃም። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ምስክር ማንነቱ ተሰውሮ እንዲሰማ በር ይከፍታል። ምስክርን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ የተገደለ ምስክር ያለበት አገር ፍትሕ አያገኝም። ነገር ግን በ2013 በእነ እስክንድር ነጋ መዝገብ ላይ ምስክሮች ከመጋረጃ ጀርባ ይሰሙ አይሰሙ የሚለው ለወራት ያከራከረው ያለ ነገር አይደለም። ተከሳሹ የከሳሹን ፊት ካላየ፣ ሕዝቡም ቃሉን ካልሰማ፣ ዳኛው ብቻውን ይቀራል። ብቻውን የቀረ ዳኛ ደግሞ ለጫና የተጋለጠ ነው። በጥር 2005 እግድ ለመስጠት የደፈረው ችሎት ትእዛዙ ሲጣስ ከኋላው የሚቆምለት አካል አላገኘም።

ጠበቆቻችንና የሙስሊም ሚዲያዎች ከዚህ በኋላ ሊገፉበት የሚገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እግድ ሲሰጥ በጽሑፍ ይሁን፤ ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን ይነገር። ትእዛዙ የሚነካው ሚዲያ በቀናት ውስጥ ቀርቦ የሚከራከርበት ዕድል ይኑረው፤ ለወራት ቀጠሮ መጠበቅ ዜናውን መግደል ነው። የመንግሥት ጣቢያ እግድ ሲጥስ ኃላፊው እንደ ማንኛውም የጋዜጣ አዘጋጅ ተጠርቶ ይጠየቅ። ችሎት ሲዘጋ ደግሞ የተዘጋው የምስክሩ ሰዓት ብቻ ይሁን እንጂ ሙሉ መዝገቡ አይሁን፤ ቢያንስ ቤተሰብ የመግባት መብቱ አይነፈግ። ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ አዲስ ሕግ የሚጠይቁ አይደሉም። አንቀጽ 20ን ገልጦ ማንበብ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ለመንግሥት ብቻ ብዬ ከጨረስኩ ግን ሙሉ እውነቱን አልነገርኳችሁም። ባለፈው ሰሞን እኔ ባለሁበት አንድ የመስጂድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተለጠፈ። ከመስጂዱ ሰደቃ ሣጥን ገንዘብ ወስዷል ተብሎ ተጠርጥሮ ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ነበር። ከፎቶው ሥር «ሌባው ይህ ነው፣ ሼር አድርጉ» ይላል። ከሰዓታት በኋላ ከሦስት መቶ በላይ ሰው አይቶታል። አንድ አባት በድምፅ መልእክት «ልጆቼ፣ ይህ ልጅ እናት አለው፤ አልተፈረደበትም፤ አንሡት» አሉ። አንድ ወጣት «አባባ፣ ይሄ እኮ ሐሳብን የመግለጽ መብት ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሌላው ደግሞ የጂሃዳዊ ሐረካትን ስም ጠርቶ «እኛንስ አላሳዩንም ወይ?» አለ። ግሩፑ ተከራከረ፣ ተሰዳደበ፤ አንዳንዱም ወጣ።

አስተዳዳሪው ፎቶውን ያነሣው በማግስቱ ከዙህር በኋላ ነው። ስንት ሰው በስልኩ እንዳስቀረው ግን እሱም አያውቅም።